ባለሱቁ ልሳነወርቅና የወዲያኛው ዓለም እድር

መብራቱ ዛሬ አይመለስም፤ አትጠብቁት። በሩን ገጠም አድርጉትና ጠጋ ጠጋ በሉ። እንዲህ ባለ ምሽት የሚነገር አንድ ነገር አለኝ። የፈራ ጆሮውን ይያዝ፣ ያላመነ ደግሞ ሲነጋ ሄዶ መንገዱን ይየው።

ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ ነበር። ጨረቃ የለችም። ከወንዙ ማዶ ወደ ከተማዋ የሚያመጣው መንገድ ቀጭን ነው፤ በአንድ ወገን ባሕር ዛፍ፣ በሌላው ወገን የመቃብሩ አጥር። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማን ይመስላችኋል? ልሳነወርቅ ነዋ። ባለሱቁ ልሳነወርቅ።

ልሳነወርቅ ማን ነበር? ነገሩ የድሮ ነው፣ የፋኖስ ዘመን። ጨውና ላምባ፣ ሚስማርና የልብስ ሳሙና ይሸጥ ነበር። ይሸጥ ነበር ይባላል እንጂ የምትሸጠው ሚስቱ ይመናሹ ነች። እሱ ስብሰባ ላይ ነው። የእድሩ ሊቀመንበር እሱ። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር እሱ። የምንጩ ኮሚቴ ላይ እሱ፣ የአይጥ ማጥፊያው ኮሚቴ ላይ እሱ። ምንጩ ጎለበተ? አልጎለበተም። አይጡስ ጠፋ? አይጡማ እሱ ሱቅ ውስጥ ነው የሚያድረው። ስብሰባው ግን ይደረጋል፣ ልሳነወርቅም ይናገራል። ሰው ሲሞት ደግሞ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ ይናገራል። ንግግሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ስም ብቻ ይለውጣል። አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት ሞተው «ደግ አባት ነበሩ» ብሎ ቀበራቸው። ልጆቻቸው እያለቀሱ ሳቁ።

በዚያ ምሽት ከወንዙ ማዶ የድልድይ ኮሚቴ ሊያቋቁሙ ተሰብስበው ነበር። ልሳነወርቅ ተመረጠ። ተመረጠና የመዝጊያ ንግግር ጀመረ። ጨርሶ ቀና ቢል አብሮት የመጣ የከተማው ሰው አንድም የለም። አንዱ ላሜን ብሎ፣ አንዱ ሆዴን ብሎ፣ አንዱም ምንም ሳይል ወጥቷል። የቤቱ ባለቤት ብቻ ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፉን ይለጥጣል። እንግዲህ ብቻውን የቀረው በገዛ አፉ ነው።

ወንዙን ተሻገረ። መቃብሩ አጥር ዘንድ ደረሰ። ይሄኔ ከአጥሩ ወዲያ ጡሩንባ ተነፋ።

የእድር ጡሩንባ መቼ ነው የሚነፋው? ሰው ሲሞት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ማን ሞተ?» ይላል። ልሳነወርቅ ምን አለ? «ለእኔ ሳይነገር ማን አስነፋው?» አለ።

ጥቂት ሄደ። ከኋላው ሰው ሳለ። ሳሉን ያውቀዋል፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የአያ ጉልላት ሳል ነው። አያ ጉልላት የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ነበር። ነበር ነው የምላችሁ፤ ክረምት ሳይገባ ሞቷል። ዕድሜውን በሙሉ ለሰው ሞት ሲነፋ የኖረ ሰው፣ ለእሱ ሞት ግን የነፋለት የለም። ልሳነወርቅ «ምትክ የሚመርጥ ኮሚቴ ይቋቋም» አለና፣ ኮሚቴው ሳይስማማ ሽማግሌው ተቀበረ።

ልሳነወርቅ ቀስ ብሎ ዞር አለ። መጀመሪያ ጡሩንባው ታየው፤ ምንም ብርሃን ሳይኖር ያብለጨልጫል። ቀጥሎ ጡሩንባውን የያዘ እጅ። ቀጥሎ አፈር የነካው ጋቢ። በመጨረሻ ፊቱ። ፊቱ የአያ ጉልላት ነው፤ ዓይኑ ግን አይርገበገብም።

«እንደምን አመሸህ፣ ሊቀመንበር?» አለው። በሕይወቱ «እርስዎ» ይለው የነበረ ሰው አሁን «አንተ» አለው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ልሳነወርቅ።

«እኛም ወዲያ እድር አቋቁመናል። የከተማው እድር አባል ሁሉ የእኛም አባል ነው፤ ሲሞት ይመጣል። መሪ ግን አጣን። ዛሬ ተሰብስበን አንተን መረጥን።»

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትሮጣላችሁ፣ ታማትባላችሁ፣ ትጮኻላችሁ። ልሳነወርቅም ሊሮጥ ነበር። ግን «መረጥን» የሚለውን ቃል ሲሰማ ደረቱ ሳያስበው ነፋ አለ። እየተንቀጠቀጠ እንኳ ነፋ አለ።

«በሙሉ ድምፅ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«በሙሉ ድምፅ።»

«እንግዲህ የተጣለብኝን ከባድ አደራ በታላቅ ትሕትና…»

ይሄን ሲል አጥሩ ላይ ተደርድረው የተቀመጡ ሙታን ታዩት። ሁሉንም ራሱ ነው የቀበራቸው። አጨበጨቡ። ጭብጨባው ድምፅ የለውም፤ መዳፍ ከመዳፍ ሲገናኝ አፈር ብቻ ይረግፋል። ከፊታቸው አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፣ አፋፉ ላይ ወንበር ተቀምጧል።

ይሄኔ ገባው።

«ሥራው መቼ ነው የሚጀመረው?»

«አሁን።»

«ልብ ድካም አለብኝ፣ ብዙ ሥራ ተደራርቦብኛል…» አለ። በሕይወቱ ሹመት እምቢ ሲል ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ጉልላት እጁን ያዘው። እጁ እንደ ምንጭ ውኃ ይቀዘቅዛል።

እግሩ ወደ ጉድጓዱ ሲሳብ ልሳነወርቅ አንድ ነገር ብቻ ትዝ አለው። ደንቡ። «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «የእድራችን አባል በሙሉ እዚህ ነው?»

«ገና ነው። የሚበዛው ከተማ ውስጥ ተኝቷል።»

«እንግዲያው ምልዓተ ጉባኤ የለም። ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ምርጫው አይጸናም። ደንቡ ነው።»

ሙታኑ እርስ በርስ ተያዩ። አንድ የሞቱ መሪጌታ «እውነቱን ነው» አሉ። በሕይወት ሳሉም ደንብ አጥባቂ ነበሩ።

ጉልላት እጁን ለቀቀው። «እንጠብቃለን» አለ። «በየጊዜው እየመጡ ነው። ሲሞላ በርህ ላይ እነፋለሁ።»

ልሳነወርቅ ጫማውን ጥሎ ሮጠ፣ ቤቱ ገባ፣ ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ሰው ሆነ። ያ ሊቀመንበር ተሰብሳቢ መስሎ ቁጭ አለ። ሰው ታመመ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ ማርና እንቁላል ይዞ ይሄዳል፣ ጤና ጣቢያ ድረስ ቃሬዛ ይሸከማል። ምንጩ ተጎልብቶ ንጹሕ ውኃ ወረደ፣ ድልድዩም ተሠራ፤ ክረምት ክረምት ወንዙ የእድር አባል መውሰድ ተወ። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ቀርቦ «ይሄም እድር ይግባ» ይላል። ገባችሁ? የቋሚው ቁጥር ከሙታኑ ይብዛለት፣ ምልዓተ ጉባኤው እንዳይሞላ ነዋ። ሰው ሲሞት ንግግር የለም፤ ድንኳን ጥግ ተቀምጦ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። ሰዉ «ምን ዓይነት አንጀት ነው እግዜር የሰጠው?» ይላል። እኔ ልጠይቃችሁ፤ ለማን ነበር የሚያለቅሰው?

ዓመታት ሄዱ። ከዚያ አንድ የወባ ክረምት መጣ። ልሳነወርቅ ሱቁን ዘግቶ ከቤት ቤት ዞረ፣ ኪኒን አደለ፣ ውኃ አጠጣ። ያዳነው ብዙ ነው፤ የሞተውም ብዙ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ሌሊት በሩ ላይ ሰው ሳለ።

«ማን ነው?» አለች ይመናሹ ከአልጋዋ።

«የእድር ጉዳይ ነው፣ ተኚ» አለና በሩን ገርበብ አደረገው።

አያ ጉልላት ቆሟል። ጡሩንባው በእጁ ነው፣ አልነፋውም።

«ሞላ?» አለ ልሳነወርቅ።

«አንድ ሰው ጎደለ።»

«ማን ነው እሱ?»

«ማንም ይሁን። ከአባላቱ ውስጥ በጨለማ ብቻውን መንገዱ ላይ ያገኘነውን እንወስዳለን።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ልሳነወርቅ ፋኖሱን አንጠልጥሎ መንገዱ ጫፍ ላይ መቆም ጀመረ። ከገበያ ያመሸውን ይሸኛል፣ ከጠላ ቤት የወጣውን ደግፎ ይሸኛል። «ብቻህን አትሂድ፣ ብቻሽን አትሂጂ» እያለ ደጁ ድረስ ያደርሳል። ሰዉ መልአክ አለው። እሱም ብዙ ጊዜ ሲባል ጊዜ ማመን ጀምሮ ነበር። ሲመለስ ሁልጊዜ አንዱን የሰፈር ሰው ያስከትላል።

አንድ ማታ አስካለች የምትባል ጠላ ሻጭ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከዘመድ ቤት አምሽታ መጣች። ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው። ዝናብ ስለነበር የሚያስከትለው ሰው አላገኘም። ብቻዋን ከምትሄድ ብሎ ተነሣ። ድልድዩን አሻገራት፣ በሯ ድረስ አደረሳት።

«ጋሼ ልሳኑ፣ እርስዎንስ ማን ይመልስዎታል?» አለችው።

ልሳነወርቅ መንገዱን ዞሮ አየው፤ ጨለማ ነው።

«እዚሁ ይደሩ፣ መደብ አለ። ሲነጋ ይሄዳሉ» አለችው።

እውነት እላችኋለሁ፣ ማደር ፈልጎ ነበር። ግን ምን አሰበ? «ሊቀመንበሩ ጠላ ቤት አደረ ይባል? ሰው ምን ይላል?» ብሎ አሰበ። «የለም፣ ቅርብ ነው» አላትና ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ሄደ።

ሊቀመንበር መሆኑን አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም። አባል መሆኑን ግን ያስታወሰው አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ፋኖሱ ጠፋ።

በዚያ ሌሊት ከተማው በሙሉ ጡሩንባ ሰማ። የነፋው ሰው አልተገኘም። ጠዋት ልሳነወርቅን መንገዱ ላይ አገኙት፤ ሁለት እጁን ንግግር እንደሚጀምር ሰው ከፍ አድርጎ ደርቋል። ይመናሹ ብቻ እውነተኛ እንባ አለቀሰች፤ ሌላው ማን ይናገር በሚለው ሲከራከር ዋለ።

ታዲያ በዚህ አበቃ? አላበቃም። በዚያ አጥር በኩል በጨለማ ያለፈ ሰው ንግግር ይሰማል ይላሉ። የማያልቅ ንግግር፤ የመክፈቻው አልቆ የመዝጊያው ይቀጥላል። ሙታኑ ዕረፍት አጡ፣ በምርጫቸው ተጸጸቱ። ሊያወርዱት ሲሉ «ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» ይላቸዋል። ስለዚህ ጉልላት እስከ ዛሬ በየመንገዱ ሌላ ሊቀመንበር ይፈልጋል።

ብቻችሁን አትሂዱ። ከኋላችሁ በማዕረግ የጠራችሁ ድምፅ ካለ ዞር አትበሉ፤ «ተመረጥክ» ቢላችሁ «አመሰግናለሁ» አትበሉ።

አንተ፣ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ ባለፈው እሁድ የውኃ ኮሚቴ የሆንከው። ቤትህ ከወንዙ ማዶ ነው አይደል? ተቀመጥ። እዚሁ እደር። ሰው ምን ይላል አትበል።