በክርስትና ስም

ሃይለ ሚካኤልን መጀመሪያ ያየሁት ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ሲንዠቀዠቅ ነው።

የገና ዕለት ነበር። እኛ የማኅበሩ ሴቶች ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ወተት ይዘን ከፍኖተ ሰላም ገበያ ወደ ሆስፒታሉ እንሄዳለን። በየበዓሉ የታመሙ ሕፃናትን እንጠይቃለን፤ አገራቸው ርቆ በዓሉን አልጋ ላይ የሚውሉትን እናበላለን፣ ልብሳቸውን እናጥባለን። ሜዳው ላይ ጎረምሶች ገና ይጫወታሉ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል እንጂ፣ የዚያን ቀን ጌታውም ሎሌውም ተቆጥቶ ነበር። ጨዋታው ድብድብ ሆነና በዱላ ሲከታከቱ መሃላቸው ገባን።

አንዱ ዱላውን አንሥቶ ወደ እኔ ሲመጣ፣ አንድ ረጅም ሰው ከየት መጣ ሳልለው ፊቴ ላይ ቆመ። ዱላው እኔን ስቶ እሱን አገኘው። እኔም የምፈራ ሴት አይደለሁም፤ የወተቱን ጀሪካን አንሥቼ የመታውን ጎረምሳ ጆሮ ግንዱን አልኩት። ተዘረረ።

«ወተቱ!» አለ የተፈነከተው ሰው፣ ደም ዓይኑ ውስጥ እየገባ። «እመቤቴ፣ የልጆቹ ወተት እኮ ነው!»

«ክዳኑ ጥብቅ ነው። እርስዎ ይልቅ ግንባርዎን ይያዙ!»

ለካ እሱም የሚሄደው እዚያው ኖሯል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ እያጠራቀመ የልጅ ሸሚዝ ይሰፋና በበዓል በበዓል ከቡሬ በጆንያ ተሸክሞ ያመጣል። ግንባሩን አሳስሮ፣ ሸሚዝ ሲያለብስ ዋለ። አንዲት እናት የታሰረውን ራሱን አይታ «ታማሚው እርስዎ ነዎት ወይስ ልጄ?» ስትለው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም አየሁት። ብዙ አየሁት።

በዚያው ማኅበርተኛ ሆነ። በማኅበራችን ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። እኔ ወለተ ሥላሴ፣ እሱ ሃይለ ሚካኤል። የዓለም ስም፣ የአባት ስም የሚጠይቅ የለም። ደግ ልማድ ነው፤ እኛን ግን ጉድ የሠራን እሱ ነው።

በርበሬ ነጋዴ ነኝ። በየሳምንቱ ቡሬ እየሄድኩ ጭኜ እመለሳለሁ። ከገና በኋላ መንገዴ ሁሉ በሱ በር ሆነ።

«እርስዎ ሲመጡ እኮ የስፌት መኪናዬም ያስነጥሳታል» አለኝ አንድ ቀን።

«ይዝጉዋ ሱቅዎን!»

«ዘግቼስ? ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ይቺን ማስነጠስ አይደል?»

እሱ መርፌ ውስጥ ክር ሲከት ሦስቴ ሳተ። እኔ ዐርባ ዓመቴ ነው፣ ጉንጬ እንደ ኮረዳ ሲግል አፈርኩ።

«ባል አግብተው ያውቃሉ?» አለኝ ጨርቁን እያየ።

«አዎ። አንድ ቀን መታኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔም መታሁት፣ ወጣሁ።»

አልሳቀም። ቀና ብሎ «አንቺን…» አለና ቀረ። አንቺ አለኝ። እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እርስዎ ማለት ተውኩ።

በሁዳዴ መጨረሻ ላይ «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልላክ። ለማን ነው የምልከው?» አለኝ።

«ለወንድሜ። አባቴ የለም፣ ተገድሏል።»

«የኛም ቤት እንዲሁ ነው፣ ደም አያጣውም» ብሎ አቀረቀረ። ብጠይቀው ኖሮ! አልጠየቅኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴን አሸናፊን፣ ማንኩሳ ታች፣ በመስኖ ውኃ በተነሣ ጠብ ቂርቆስ የሚባል ሰው በጥይት ደረቱን ብሎት አገር ጥሎ ጠፋ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት። በኛ ዘንድ ገዳይ ካልተገኘ ደሙን የሚከፍለው የገዳዩ ወንድም ነው። ወንድሙ ደግሞ ጢም ሳያበቅል ከአገር ስለወጣ መልኩን የሚያውቅ የለም። ስሙን ግን ወንድሜ ላቀው እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ ደረሰ ባንተአምላክ። ማረሻውን ሲስልም፣ ልጁን ሲያቅፍም፣ ደረሰ ባንተአምላክ።

ፋሲካ ደረሰ። በዚያ ሰሞን ተኩስ ነበር፣ መንገድ ተዘግቷል። መኪና ስላጣ ሃይለ ሚካኤል ጆንያውን ተሸክሞ ከቡሬ በእግሩ መጣ። የፋሲካ ረፋድ ላይ ሆስፒታሉ ውስጥ ለልጆቹ ዳቦ ስንቆርስ፣ ላቀው ልጁን ሜላትን ታቅፎ እየሮጠ ገባ። አምስት ዓመቷ ነው። ወባ ደሟን ጨርሶት ከንፈሯ እንደ ኖራ ነጥቷል። ጠመንጃውን በር ላይ ጥበቃዎች ተቀብለውታል። ዱላውን ግን ማን ይጠይቃል? የገበሬ እጅ ማለት ዱላ ነው።

«ደም ካላገኘች ማታን አታይም» አለች ሲስተር ፍሬሕይወት። «ደም የሚያመጣው መኪና መንገድ ላይ ቀርቷል።»

የላቀው ደም አልገጠመም። የእኔም አልገጠመም። ላቀው ግድግዳውን በጡጫ ሲመታ የጣቱ ቆዳ ተገፈፈ።

«የእኔን እዩት» አለ ሃይለ ሚካኤል፣ እጅጌውን እየሰቀለ።

ተመረመረ። ገጠመ። ተጋደመና መርፌ ተሰካለት፤ ደሙ በቀጭኗ ቱቦ ወደ ከረጢቱ መውረድ ጀመረ። በሩጫ ላይ ስለነበርን ስሙን እንኳ የመዘገበ የለም። ሲስተር ከረጢቱ ላይ ልትጽፍ ጎንበስ አለች።

«ስምዎት?»

«ሃይለ ሚካኤል።»

«የክርስትናውን አይደለም፤ የመታወቂያውን።»

በደኅናው እጁ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ጮክ ብላ አነበበችው። «ደረሰ ባንተአምላክ።»

ላቀው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ማን አልሽ?» አላት፣ ቀስ ብሎ። ላቀው ቀስ ሲል ነው የሚያስፈራው። «የቂርቆስ ወንድም ነህ? የማንኩሳው?»

የተጋደመው ሰው ወደ እሱ አልዞረም። እኔን አየኝ። «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

«የአሸናፊ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠው። ላቀው ዱላውን ሲያነሣ ሲስተር ጮኸች። ደረሰ ግን ክንዱን ከመርፌው አላንቀሳቀሰም።

«ላቀው» አለው፣ «ከረጢቱ ይሙላ። ልጅህ ትጠብቃለች። ከሞላ በኋላ እንዳሻህ።»

ዱላው አየር ላይ ቀረ። ጠበቅን። እንደዚያች ሰዓት ያለ ሰዓት አላየሁም። የሚወርደውን ደም ላቀው ያያል፣ ጥርሱ ይፋጫል፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ደረሰ እኔን ያያል። ሽማግሌ ቢልክ ኖሮ ሊለኝ ያሰበውን ሁሉ በዓይኑ ነገረኝ።

ሞላ። ሲስተር ከረጢቱን ይዛ ሮጠች። ደረሰ ጥጡን ጥሎ ከአልጋው ወረደና ቆመ።

«በል» አለው።

ላቀው መታው። ደረሰ ክንዱን ቢያነሣ ክንዱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀሽ ሲል ሰማሁት። በጉልበቱ ወደቀ። ሁለተኛው ዱላ ለራሱ ተነሣ። ያን ጊዜ ግሉኮስ የሚሰቀልበትን ብረት ነቅዬ የገዛ ወንድሜን ጭንቅላቱን አልኩት። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ደገምኩት። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ይጮኻሉ፣ ዳቦው ይረጋገጣል፣ ጥበቃዎች ሦስት ሆነው ያዙኝ።

«ለደመኛ ብለሽ? እኔን?» አለ ላቀው መሬት ላይ ሆኖ።

«ለልጅህ ነው፣ ደንቆሮ!» አልኩት። ቀጥዬ ግን እውነቱን ነገርኩት። «ለእኔም ነው። ላገባው ነበር።»

ላቀው ደሙን ጠርጎ ተፋ።

ከሰዓት በኋላ ሜላት ዓይኗን ገለጠች። እንቁላል አምጡልኝ አለች።

በሦስተኛው ሳምንት የኔታ እንድሪያስና ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ለዕርቅ ተቀመጡ። ደረሰ ክንዱ በጀሶ ታስሮ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ መጣ። ላቀው ራሱን በፋሻ ተጠቅልሏል። ከእሱ የምትመጣው ቃል አንዲት ናት፤ ይሞታል ወይም ይኖራል።

ላቀው «ድንጋዩን አውርዱለት» አለ። «ደሙ በልጄ ሰውነት ይዞራል። ዘመዴ ሆኗል። ዘመዴን አልገድልም።»

እልል ተባለ። እኔም አፌን ልከፍት ስል፣ ላቀው ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺም ስሚ። ዘመድ ዘመዱን አያገባም። ሰባት ቤት ነው ሕጉ። አለቀ።»

እልልታው ቆመ። እንግዲህ እየው! ዘመድ ከሆነ ይኖራል፣ አላገባውም። ዘመድ ካልሆነ ላገባው እችላለሁ፣ ይገደላል። ወንድሜ የሚምርበትን አንዲት ቀዳዳ አግኝቶ፣ እዚያችው ቀዳዳ ላይ ቆመብኝ።

«ይሁን፣ ወለተ ሥላሴ» አለ ደረሰ በቀስታ። «በሕይወት ካለሁ በበዓል በበዓል አይሻለሁ። ይበቃኛል።»

«አንተ ዝም በል! ለእኔ አይበቃኝም» አልኩና ተነሣሁ። «የኔታ፣ ዝምድና ሲቆጠር ምኑ ነው የሚቆጠረው?»

«አጥንቱ ነዋ፣ ልጄ። የማን አጥንት ነህ ይባላል።»

«ደሙ አይደለም?»

የኔታ የቅኔ ሰው ናቸው፤ ወዴት እንደምሄድ ገብቷቸው ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «የለም። ቆጠራው በአጥንት ነው።»

«ይህ ሰው ለሜላት ደም ሰጠ እንጂ አጥንት ሰጠ?»

«አልሰጠም።»

ላቀው ብድግ አለ። «ዘመድ አይደለም ካላችሁ እንግዲያ ልግደለው?»

ፊቱ ቆምኩ። ፋሻው ላይ የእኔ ምት ያፈሰሰው ደም ደርቆ ይታያል።

«በደም ዘመድህ ነው፣ አትገድለውም። በአጥንት ባዳ ነው፣ አገባዋለሁ» አልኩት። «ላቀውዬ፣ እንካፈለው። ደሙ ላንተ፣ አጥንቱ ለእኔ።»

ላቀው እኔን አየኝ፣ ደረሰን አየው፣ ጀሶውን አየ። ከንፈሩ ሊስቅ ብሎ ሊያለቅስም ብሎ ተንቀጠቀጠ።

«አጥንቱንማ ሰብሬዋለሁ» አለ።

«አይቻለሁ።»

«እንግዲህ እንደተሰበረ ውሰጂው።»