የአባቴ ሰማንያ ሦስት አስተያየቶች

ሽቦን የወደድኩት ጠረጴዛዬ ሥር ተንበርክኮ ሳለ ነው። ከሱ በፊት እግሬ ሥር የተንበረከከልኝ ወንድ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን የተንበረከከው ለኬብሉ ነበር።

የምሠራው በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ድረ ገጽ ላይ ነው፤ የቤተሰብ ዓምድ አዘጋጅ ነኝ። እሱ የድረ ገጹ ቴክኒሺያን ነው። ከቅጥነቱና ሁልጊዜ ትከሻው ላይ ከሚጠመጥመው ገመድ የተነሳ ቢሮው በሙሉ ሽቦ ይለዋል። ያን ቀን ኬብሉን ሰክቶ ቀና ሲል ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው።

«ውይ!» አልኩ።

«አይዞሽ፣ ጠረጴዛው ደህና ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሬ ያለ ምክንያት ይበላሽ ጀመር። እሱም ሳይጠራ ይመጣ ጀመር። ምሳ አብረን እንበላለን፤ ከሥራ ስንወጣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አብረን እንሄዳለን። ብዙ አያወራም። ግን ዝም ሲል ሰው አያስጨንቅም፤ ዝም ብሎ ያይሻል፣ ስታዪው መንገዱን ያያል።

በስድስተኛው ወር ፌርማታው ላይ ቆመን፣ «ቤታችሁ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» አለኝ።

«ምን ልታደርግ?»

«አባትሽን ልተዋወቅ ነዋ። ስለሳቸው እኮ አንድም ቀን አውርተሽኝ አታውቂም።»

«የመንግሥት ሠራተኛ ነው» አልኩት። አውቶቡሱ ሲመጣ ደስ አለኝ።

ውሸት አልነበረም። አባቴ የመናኸሪያው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ጠባቂ ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻውን ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝም በዚያው ሥራ ነው። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ ለሚገባው ሁሉ ሶፍት እየቆረጠ ይሰጣል። እሱ የሚያጸዳውን ወለል ያየ ሰው ጫማውን አውልቆ መግባት ይቃጣዋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውጥቼ ለመናገር ግን አፌ ይያዝ ነበር።

ጣጣውን ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ስልክ ገዛሁለትና ጽሑፎቼን እንዴት እንደሚያነብ አሳየሁት። ከጽሑፉ ሥር አስተያየት የሚሰጥበት ሣጥን እንዳለ ግን አላሳየሁትም፤ እሱን በራሱ አገኘው።

«ይህን ጽሑፍ የጻፈችው ልጄ ናት። እጅግ ያማረ ነው። አባቷ ነኝ፤ ከመናኸሪያው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት።»

በእያንዳንዱ ጽሑፌ ሥር እንዲህ ይጽፋል። መጨረሻውን እንደ ደብዳቤ ፊርማ ሁልጊዜ በዚያው ይዘጋዋል። አንዳንዴ ወሬም ይጨምራል፦ «ዛሬ ውኃ የለም፤ ቢሆንም አንብቤያለሁ።»

ቢሮው ቀልደኛ አንባቢ መሰለው። የስፖርት ዓምድ አዘጋጁ በየጠዋቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። «የሽንት ቤቱ ሰውዬ ዛሬም ልጄ ናት ብሏል!» ሁሉም ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። ይታወቅብኛል ብዬ ስለፈራሁ ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ። ሽቦ ብቻ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል፣ «ሰውዬው ግን ከኛ ይልቅ በደንብ ነው የሚያነበው» አለ።

አንድ ሰኞ ሽቦ የይለፍ ቃሉን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ቀናቸው የተዛባ የድሮ ጽሑፎች ነበሩ፤ አንድ በአንድ እየከፈቱ ማረም ሳምንት ይፈጃል። «በኔ ስም ግቢና በዳታቤዝ ማሰሻው አርሚያቸው» አለኝ። ማሰሻው ከድረ ገጹ ማስተዳደሪያ ውስጥ የሚከፈት ገጽ ነው። አንባቢ አምሮ የሚያየው ነገር ሁሉ እዚያ ያለ ጌጥ በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ ይታያል፤ ጽሑፉ አንድ ሠንጠረዥ፣ ፎቶው አንድ ሠንጠረዥ፣ አስተያየቱም አንድ ሠንጠረዥ።

«አደራ፣ እዚህ ቤት የቆሻሻ ቅርጫት የለም» አለኝ። «ሰረዝሽ ማለት ሄደ ማለት ነው።»

ቀኖቹን ማክሰኞ ጨረስኩ። ወረቀቱን ግን አልመለስኩለትም።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ሦስት አስተያየት አከታትሎ ጻፈ። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ለልጄ የሥራ ባልደረቦች፦ ወደ መናኸሪያው ስትመጡ ጎራ በሉ። ለእናንተ በነፃ ነው።» የስፖርት ዓምድ አዘጋጁም ወንበር ላይ ወጥቶ አነበበው። አንዱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ምሳ ሰዓት ላይ «ራሴን አሞኛል» ብዬ ቀረሁ። በተለመደው መንገድ አስተያየት ብሰርዝ ለዋና አዘጋጇ ከነስሜ መልእክት ይደርሳቸዋል። ስለዚህ በሽቦ ስም ገብቼ ማሰሻውን ከፈትኩ። መፈለጊያው ላይ የአባቴን መዝጊያ፣ «ከመናኸሪያው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት» የሚለውን ጻፍኩ። ሰማንያ ሦስት ረድፍ ወጣ።

ይሄኔ የስፖርት አዘጋጁ የረሳውን ጃንጥላ ሊወስድ ተመልሶ ገባ። ደንግጬ ሌላ ገጽ ከፈትኩ። እሱ ወጥቶ ወደ ማሰሻው ስመለስ ገጹ ራሱን አድሶ ፍለጋዬን አጥፍቶታል፤ የሁሉም አንባቢ አስተያየት ነው የተዘረጋው። እኔ ግን አላስተዋልኩም፤ ከላይ የተደረደሩት የዚያን ጠዋት ሦስቱ የአባቴ አስተያየቶች ነበሩና። «ሁሉንም ምረጥ» የሚለውን ነካሁ። «ሰርዝ» የሚለውን ነካሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። አዎ አልኩ።

«6,412 ረድፎች ተሰርዘዋል።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው። አንባቢዎቻችን በአራት ዓመት የጻፉት ሁሉ ሄደ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች እናቶች እርስ በርስ የሚመካከሩበት ገጽ ነበረን፤ እሱም ባዶውን ቀረ። ሽቦ ከመጠባበቂያ ቅጂው የድሮዎቹን መለሰ፤ ቅጂው ግን ከአምስት ወር በፊት የተቀዳ ነበር፤ አዲስ ዲስክ ይገዛልኝ ብሎ ቢጽፍም ገና አልተገዛለትም። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ጨርሶ አልተገኘም። አባቴ መጻፍ ከጀመረ ደግሞ አራት ወሩ ነው።

መዝገቡ ሲታይ የሰረዘው ሰው ስም የሽቦ ነው።

ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። «አንቺ ዛሬ በኔ ስም ገብተሽ ነበር እንዴ?»

«ቀኖቹን ማክሰኞ ነው የጨረስኩት» አልኩት።

እውነት ነው። እስከ ዛሬ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ የሚብሰው ግን ያ እውነት ነው።

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አለ። ዓይኑ እጁ ላይ ነበር። «ጠዋት ማስታወቂያ የሚለጥፉትን ስሰርዝ ነበር። ምሳዬን ስበላም ማሰሻው ስልኬ ላይ ክፍት ነበር። እጄ ነው የሆነ ነገር የነካው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እትዬ፣ ማለትም ዋና አዘጋጃችን፣ የማስተዳደሪያውን የመግቢያ ፈቃድ ነጠቁትና እስከ ሌላው ሳምንት ሰኞ ስብሰባ ድረስ ማተሚያ ማሽኖቹን እንዲጠግን አደረጉት። እሱ አልተከራከረም። እኔ በየቀኑ ልንገረው ብዬ ተነስቼ በየቀኑ ተቀመጥኩ። «እኔ ነኝ» ብል «ለምን?» ይመጣል። ለምን ከተባለ ደግሞ አባቴ ይመጣል።

ሽቦ ራሱን ማመን ተወ። ከሥራ ስንወጣ የቢሮውን በር ቆልፎ ሦስት እርምጃ ይሄድና ይመለሳል። «ቆልፌዋለሁ አይደል? አይተሽኛል?» ይለኛል። «ቆልፈሃል፣ አይዞህ» እለዋለሁ። አይዞህ ስለው ራሴን እጠላዋለሁ፤ ግን እለዋለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ቅዳሜ ፌርማታው ላይ አውቶቡሱ ሲመጣ አልተንቀሳቀሰም።

«አባትሽ ዘንድ ውሰጂኝ እያልኩ ስጨቀጭቅሽ ከርሜያለሁ። ተይው» አለኝ። «በገዛ እጁ የማይተማመን ሰው ልጅዎን ይስጡኝ ብሎ የሰው ቤት አይገባም። ሰኞ መልቀቂያዬን አስገባለሁ።»

«እንዲህ አትበል።»

«ምን ልበል ታዲያ? አንቺ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እሱ እዚያው ቆሞ ኪሱን ይዳስስ ነበር፤ ቁልፉን መሆን አለበት።

ሰኞ እትዬ ስብሰባውን ገና ሳይጀምሩ ተነሳሁ።

«አስተያየቶቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሱ ስም ገብቼ ነው። ሁሉንም ለማጥፋት አልነበረም፤ የአንድ ሰው ብቻ ነበር።»

«የማን?» አሉ እትዬ።

«የመጸዳጃ ቤቱ ሰውዬ የምትሉት። አባቴ ነው።»

የስፖርት አዘጋጁ አንገቱን ደፋ። ወንበር ላይ ወጥቶ ያነበበው ትዝ ብሎት ይሆናል። እኔ ግን በሱ ልፈርድበት አልችልም፤ እሱ የሳቀው በማያውቀው ሰው ነው።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «አባትሽ በሕይወት አሉ እንዴ?» አሉኝ። «ስለሳቸው ስታወሪ ሰምቼ ስለማላውቅ የሞቱ ነበር የሚመስለኝ።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን በደንብ አልሰማሁም። ዓምዴ ለሦስት ወር ተነጠቀ፤ ለእናቶቹ አንድ በአንድ ደውዬ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ምክራቸውንም እንደ አዲስ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ሲያንሰኝ ነው። እኔ የማየው ሽቦን ነበር። መልቀቂያውን ከኪሱ አወጣ፣ አጠፈው፣ መልሶ ከተተውና ወጣ።

ደረጃው ላይ ደረስኩበት።

«አሥራ አንድ ቀን» አለ፣ ፊቱን ሳይመልስ። «አሥራ አንድ ቀን አእምሮዬን ነው የጠረጠርኩት። የቤቴን በር ለማየት ከግማሽ መንገድ ተመልሻለሁ። አንቺ ደግሞ አጠገቤ ሆነሽ አይዞህ ትይኛለሽ!»

«ይቅር በለኝ።»

«አሁን አልችልም።» አንድ ደረጃ ወርዶ ቆመ። «ሲያነቡት የሳቅሽውስ? ያስቅሽ ነበር?»

«አያስቀኝም ነበር።»

«እሱ ይብሳል» አለ።

ልክ ነው። ይብሳል። አለቀስኩ፤ ሊያባብለኝም አልሞከረም።

«እሳቸውስ ያውቃሉ?» አለኝ ቆይቶ።

«ማን?»

«አባትሽ ናቸዋ!»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው እንሂድ» አለኝ። በመንገዱ ሁሉ አልቀደመኝም፤ ጎን ለጎን ነው የሄድነው።

አባቴ ከሩቅ አየኝና ከበርጩማው ተነሳ፤ ጓንቱን አውልቆ እጁን በጋዋኑ ጠረገ። ወደ ሥራ ቦታው ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ደስታው ፊቱ ላይ ብዙም አልቆየም፤ ወዲያው ፈራ።

«በሥራ ሰዓት ምን አመጣሽ? በኔ ነው አይደል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጻፍኩት ሁሉ ድንገት ሲጠፋ ደንግጬ ነበር። ስልኩን ስነካካ አንድ ነገር ያበላሸሁባችሁ መሰለኝ። አንቺን እንዳያስወቅስሽ ብዬ መጻፉንም ተውኩት። ተቆጡሽ እንዴ?»

ሽቦ ወደኔ ዞረ። የምወዳቸው ሁለት ሰዎች በኔ ጥፋት ራሳቸውን ሲከሱ ሰንብተዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ አልተከፈተችም።

«አባዬ፣ አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሰው አባቷ ማን እንደሆነ እንዳያውቅ ብዬ ነው። አፍሬብህ ነው።»

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዘወር አሉ።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አለኝ አባቴ። ያን ጊዜም የሚያስበው ለኔ ነበር።

«ይስማ።»

አባቴ በርጩማው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። በእጁ የያዘውን ሶፍት አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈው፣ ጥፍር እስኪያክል ድረስ። ከዚያ ሽቦን አየው።

«በሷ ጥፋት የተወቀስከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ይቅር አልካት?»

ሽቦ አንድ ጊዜ ወደኔ አየና፣ «ገና ነኝ» አለ።

«እኔም ገና ነኝ» አለ አባቴ። ከበሩ ኋላ ሌላ በርጩማ ስቦ አወጣና በመዳፉ ጠረገው። «ና እስቲ ተቀመጥ። አብረን እንሞክራለን። አንቺ ደግሞ በሩ ላይ ቁሚ፤ ሰው ሲመጣ ሶፍት ስጪ።»

ቆምኩ። ሁለቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ማውራት ጀመሩ። የሚሉት አይሰማኝም፤ ስለኔ እንደሆነ ግን ያስታውቃል። ሻንጣ የያዘ መንገደኛ መጣና ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«ሁልጊዜ እዚህ የሚቀመጡት አባት የት ሄዱ?»

«ያውልህ፣ እዚያ ነው። አባቴ ነው» አልኩት፣ ድምፄን ሳልቀንስ። «ከእጮኛዬ ጋር እያወራ ነው።»

ሽቦ ከበርጩማው ላይ ዞረ። «ኧረ ገና ነኝ ብያለሁ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ሽቦ ሳቁን ሊውጠው ታገለ፤ አልሆነለትም። እኔ ለመንገደኛው ሶፍቱን ቆርጬ ሰጠሁት።