ስድስተኛው ዳዶ

አቶ ፍሰሐ አራተኛውን የጎማ ዳዶ ከቤንዚኑ ቆርቆሮ አወጣ፤ በጨርቅ ጠርጎ ከሦስቱ አጠገብ ጋዜጣው ላይ አስቀመጠው። አምስተኛውን ሊነክር ሲል በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳና የመቶ አለቃ ግዛቸው ገባ።

«ደህና አደሩ? እያጠቡ ነው?»

«ጥርሳቸውን ልይ ብዬ ነው» አለ ፍሰሐ። «ጭቃ ይዟቸዋል።»

የመቶ አለቃው ቀጭን፣ ሲያዳምጥ ዓይኑን የሚከድን ሰው ነበር። አጎንብሶ አራቱን ተራ በተራ አያቸው እንጂ አልነካቸውም።

«ጥርሳቸው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። አልተበላም።»

«ስለዚህ ተገንጥለው አልወጡም። ዞረው ነው የወጡት።»

«ሪፖርቴ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«አንብቤዋለሁ። ይጨርሱና አብረን እንውጣ፤ ይጠቅሙኛል። እኔ የማውቀው ስለ በቅሎ እንጂ ስለ መኪና አይደለም።»

ፍሰሐ አምስተኛውን ነከረ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሾፌር ኃይለየሱስ የዓመቱን ምርመራ አልፎ፣ ቦሎውን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ፣ ገብስ እንደጫነ ከአሰላ ወደ ናዝሬት ወረደ። ከኩሉምሳ በላይ ባለው ቁልቁለት የግራ የፊት ጎማው ከመኪናው ተለይቶ ብቻውን ወደ እርሻው ሸሸ። መኪናው ተገለበጠ፤ ኃይለየሱስም ከመሪው ሥር በሕይወት አልወጣም። ጎማውን የያዙት ስድስት ዳዶዎች ነበሩ። ፍሰሐ አምስቱን ከመንገዱ ላይ ለቀመ፤ ስድስተኛው አልተገኘም።

ጎማውን ያን ዕለት ያሰረው ጎሚስታው ቱፋ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ በቅዳሜ ገበያ መካከል ተጣልተዋል። ኃይለየሱስ «ቱፋ የለጠፈው ጎማ እንደ ራሱ ነው፤ ሲያዩት ሙሉ፣ ሲነኩት ተንፋሽ» ብሎ ሰው አሳቀበት። ቱፋም «በጎማህ ታለቅሳለህ» ሲል መለሰለት። ቱፋን ያሳሰረው ግን የገበያ ወሬ አልነበረም። የመኪናዎች የመንግሥት መርማሪ የሆነው ፍሰሐ በማግስቱ የጻፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ዳዶዎቹን ያላላው የሰው እጅ ነው።» ይህ ከጸና ቱፋን የሚጠብቀው ገመድ ነው። 

ቱፋ በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ከትቶ ተቀምጦ ነበር።

«አላጠበቀውም ይሉሃል» አለው ግዛቸው።

«አጠበቅሁ፣ ጎፍታ። ቁልፉ ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ አጠበቅሁ። ዋቃ ይመስክር።»

«ታዲያ ምን አላላው?»

«የጎማው ብረት፣ ቸርኬው፣ የተቀባው ያን ጊዜ ነው። ቀለሙ እጅ ይይዛል። ይደር አልኩት፤ ቦሎዬ ዛሬ ነው የሚያልቀው አለ። እሺ፣ ኩሉምሳ ሳትደርስ ቁምና መልሰህ አጥብቅ አልኩት። አዲስ የታሰረ ጎማ ጥቂት ከሄደ በኋላ መልሰው ያጠብቁታል፤ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። እሱ ግን ሳቀብኝ።»

«ለምን ሳቀ?»

ቱፋ ቀና ብሎ ፍሰሐን አየና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። «እንጃ» አለ።

ፍሰሐ የኮቱን አዝራር ሊቆልፍ እጁን ሰደደ። ቀድሞም ተቆልፎ ነበር።

የመኪናው ባለቤት ወይዘሮ በቀለች በእህል መጋዘናቸው ደጃፍ፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

«ልጄ፣ ጎማው የኔ አይደለም» አሉት የመቶ አለቃውን። «የሌላ ሾፌር፣ የይርሳው ነው። የኔው ተላጭቶብኝ ለምርመራው ተዋስኩት። ቦሎ ሲደርስ በአሰላ ጎማ ያልተዋሰ ማን አለ? ለሠርግ ቀሚስ እንደመዋስ ነው።»

«ይህን መርማሪው ፊት ይናገሩታል?»

«ያውቀዋል እኮ። ቢያውቀው አይደል መስመሩን ያመጣብን?» በአገጫቸው ፍሰሐን አመለከቱ። «ከዓምና ጀምሮ መርምሮ ሲጨርስ ዳዶውንና ብሎኑን አገናኝቶ በነጭ ቀለም ያሰምርበታል። መስመሩ ተበጥሶ የተገኘ ሾፌር ስድስት ወር መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። ባለፈው ክረምት ሁለት ሾፌሮች ቤታቸው ተቀምጠው ከረሙ።»

«ታዲያ የይርሳውን ጎማ እንዴት ሊመልሱለት ነበር?»

«ኢተያ ላይ ይጠብቀውና ይለዋወጡ ነበራ። ነጭ ቀለም እንደሆነ ሱቅ ይሸጣል፣ ልጄ።» ሊስቁ ጀምረው ተዉት። ከጆንያው ላይ አንዲት የገብስ ፍሬ አንሥተው በጣታቸው ሲያሹ ቆዩና «ምነው ባልተዋስኩት» አሉ።

ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ ሄዱ። አፋፉ ላይ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ዓይን ያስለቅሳል። በመንገዱ ዳር የሰው ራስ የሚያካክሉ ሁለት ድንጋዮች ተቀምጠው ነበር።

«ምንድን ናቸው?» አለ ግዛቸው።

«ታኮ። የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚደረግ ድንጋይ ነው።»

«የማክሰኞ ይመስልዎታል?»

«ማንም ቆሞ ሊሆን ይችላል።»

«ገብስ የጫነ ማንም» አለ የመቶ አለቃው፤ ከድንጋዮቹ መካከል ጥቂት ፍሬ ለቅሞ መዳፉ ላይ እያንከባለለ።

ወደ ታች ሲወርዱ ወተት ወደ ከተማ የምታደርስ ፋጡ የምትባል ሴት አገኙ። ግዛቸው በተሰባበረ ኦሮምኛ ጠየቃት፤ ስቃ አረመችውና እንደገና ጠየቃት። በመጨረሻ ከሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ አንድ ነገር መዳፉ ላይ አኖረችለት። እሱም በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ለፍሰሐ አላሳየውም፤ ፍሰሐም አልጠየቀም። መጠየቅ ይገባው እንደነበር የገባው መኪና ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በምርመራው ግቢ ተሰበሰቡ። ቱፋ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ለወይዘሮ በቀለች ወንበር ወጥቶላቸዋል። የጎማው ባለቤት ይርሳው፣ የሟቹ የመንገድ ጓደኛ፣ በራሱ መኪና መወጣጫ ላይ ተቀምጧል። ትናንት ቦሎ ያገኘው መኪናው ጨው ጭኖ ወደ አቦምሳ ሊሄድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከኃይለየሱስ መኪና የወጣው ጎማ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«ዳዶዎቹ ዞረው ወጥተዋል» ብሎ ጀመረ ግዛቸው። «ማን አዞራቸው? ቱፋ አላጠበቃቸውም ተባለ። አቶ ፍሰሐ፣ ነጩን መስመር ከማስመርዎ በፊት እያንዳንዱን ዳዶ በቁልፍ ይሞክራሉ?»

«እሞክራለሁ።»

«የማክሰኞው ጠብቆ ነበር?»

ፍሰሐ ቱፋን ላለማየት ጎማውን አየ። «ጠብቆ ነበር።»

«እንግዲህ ቱፋ ሥራውን ሠርቷል። ይርሳው፣ አንተስ? ጎማህን ለመውሰድ ቸኩለህ መንገድ ላይ ፈታ አድርገህ ቢሆንስ?»

«ኢተያ ተቀምጬ ሦስት ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ጌታዬ። ሻይ ቤቱ ይመስክር።»

«ሻይ ቤቱን ጠይቄያለሁ። ከሻይ ቤቱ ይልቅ ግን ይህ ይመሰክርልሃል።» ግዛቸው መሐረቡን ፈትቶ ስድስተኛውን ዳዶ አወጣ። «ፋጡ ከታኮዎቹ በታች ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ አገኘችው። መስመሩን እዩት። በዳዶው ጠርዝ ላይ ሳይፋቅ ያልፋል። ቁልፍ ገብቶበት ቢሆን ጠርዙ ይላጥ ነበር። እንደገና ተቀብቶ ነው እንዳይባል፣ ይርሳው ለልውውጡ የገዛው ቀለም ክዳኑ አልተከፈተም። ስለዚህ ከመስመሩ በኋላ ይህን ዳዶ የነካ የሰው እጅ የለም።»

«ሰይጣን ነው በለኛ» አሉ ወይዘሮ በቀለች።

«ቀለም ነው፣ እትዬ።»

ግዛቸው ተንበረከከና የጎማውን ጀርባ አሳያቸው። ቸርኬው ከመኪናው ጋር በሚገጥምበት ቦታ ቀዩ ቀለም ተጨፍልቆ ወደ ዳር ተገፍቶ፣ እንደ ቅቤ ተቆልሎ ነበር። ጥፍሩን ሲሰድበት ከላይ የደረቀው ተሰነጠቀና ከሥሩ እርጥቡ ወጣ። ቀይ ጣቱን ለሁሉም አሳየ።

«አባቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር። በቅሎ ሲጭን ከጭነቱ ሥር እርጥብ ድሪቶ ከገባ፣ መጫኛውን ቢፈልግ በእግሩ ረግጦ ያጥብቀው፣ ጥቂት እንደሄደች ድሪቶው ይሟሽሽና ማሰሪያው ይላላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወንዝ ማዶ ሳያቆምና መልሶ ሳያጠብቅ አያልፍም ነበር። ይህም ያው ነው። ቱፋ ያጠበቀው በእርጥብ ቀለም ላይ ነው። ቀለሙ ሲሸሽ ዳዶው የሚይዘው አጣ።»

«ነግሬው ነበር» አለ ቱፋ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ነግረኸዋል። እሱም ሰምቶሃል። አፋፉ ላይ ቆሞ ታኮ አድርጓል። የጎማ ቁልፉም የተገኘው ከዕቃ ሣጥኑ ሳይሆን ጋቢና ውስጥ ከእግሩ ሥር ነው። ቆመ፣ ቁልፉን አወጣ፣ ግን አላጠበቀም። ለምን?»

 ይርሳው ከመወጣጫው ላይ ተነሣ።

«ሳልፈው አይቼዋለሁ» አለ። «ቁልፉን ይዞ ተንበርክኮ ነበር። ምን ሆንክ ስለው ጎማው ያንኳኳል አለኝ። አጥብቀዋ አልኩት። እሱ ግን መስመሩን በጥሼ መንገድ ላይ ብያዝ ስድስት ወር ልጆቼን ምን ላበላ ነው? ቀለሙ ያለው ኢተያ ነው፤ እስከዚያ ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ አለ። እኔም እሺ ብዬ አለፍኩ። የውሰቱ ጎማ እንዳይወጣብኝ ፈርቼ ይህን አልተናገርኩም።»

«የሳቀው ለዚህ ነው፣ ጎፍታ» አለ ቱፋ። «መልሰህ አጥብቅ ስለው፣ አቶ ፍሰሐ እጄን ሊቆርጠው ነው ብሎ ሳቀ። ቀን ጠብቀው ሱቄን ይዘጉብኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

የመቶ አለቃው ወደ ፍሰሐ ዞረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«በአምስቱም ላይ እንዲህ ያለ መስመር ነበር?»

ፍሰሐ «ጭቃ ነበር» ሊል አፉን ከፈተ። ቱፋ ያየው ነበር፤ ያየው የነበረው በቁጣ አልነበረም፤ ጌታውን እንደሚያይ፣ በፍርሃት ነበር።

«ነበር» አለ። «አንዱም አልተፋቀም። አስከሬኑ ሳይነሣ ዳዶዎቹን ስለቅም ነው ያየሁት። ቸርኬው ከኋላ ዝጓል፣ ሳይቀባ ቦሎ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። እዚሁ በር ላይ ቀባው። እርጥብ እንደነበረ አይቻለሁ፤ ቀለም ይህን ያደርጋል ብዬ ግን አላሰብኩም። መስመሩን አትንኩ ያልኩትም እኔ ነኝ። ኃይለየሱስን በሁለት በኩል ያሰርኩት እኔ ነኝ። ይህን ከማለት "የሰው እጅ" ብሎ መጻፍ ቀለለኝ።»

«የሰው እጅ ማለትዎ እውነት ነበር» አለ ግዛቸው። «የማን እንደሆነ ነው የደበቁት። ስለ ቀለሙ ዳኛ ይፍረድ፤ አላወቁም ነበር። መስመሩ እንዲጠፋ በቤንዚን ስላጠቧቸው አምስት ዳዶዎች ግን ከሳሽዎ እኔ ነኝ።» ወደ ፖሊሶቹ ዞረ። «ልቀቁት።»

ፖሊሶቹ ከቱፋ ራቁ። ቱፋ ወዲያው አልሄደም። ወይዘሮ በቀለች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

ፍሰሐ የይርሳውን መኪና ያይ ነበር። ጎማዎቹ አምረዋል፤ ቸርኬዎቹ ቀይ ናቸው፤ በየዳዶው ላይ ነጭ መስመር አለ። የትናንት ሥራው ነው። ወደ መኪናው ሄደ።

«ቁልፉን ስጠኝ።»

ይርሳው የመቶ አለቃውን አየ። ግዛቸው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ፍሰሐ ኮቱን አውልቆ መሬት ላይ ተንበረከከ። ቁልፉን የመጀመሪያው ዳዶ ላይ አግብቶ ተጫነው። መስመሩ ተሰነጠቀና ነጭ ቅርፊት ጣቱ ላይ ረገፈ። ዳዶው አልዞረም። ሁለተኛውም አልዞረም። ሦስተኛውን ሲጫነው ሲጢጥ ብሎ የሩብ ዙር ያህል ዞረ። ፍሰሐ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ እስኪጠብቅ ድረስ ገፋው። ቱፋ ሳይጠሩት መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ፤ ቀጣዩን በጣቱ አመለከተው።

መኪናውን ዞረው ስድስቱንም ጎማ ጨረሱ። በግቢው የቀረ መስመር አልነበረም። ፍሰሐ ቁልፉን በጨርቅ ጠረገ፤ ከዕቃ ሣጥኑ ከተተው፤ ክዳኑን ገጥሞ ዘጋው።