ለምን ያጠምዳሉ?

የዓሣ ተመራማሪው አስከሬን ከሐይቁ የወጣው በማለዳ ነበር። የሸሚዙ አንገትጌ ተቀዷል፤ ሰው አንቆ ገፍቶታል። በሰዓቱ ውሃው ዳር የነበሩት ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሟቹ «ለምን ያጠምዳሉ?» የሚል መጠይቅ ሲያስሞላቸው ሰንብቷል፤ ሐይቁን ሊያስዘጋ ነው ብለውም ጥርስ ነክሰውበታል።

መርማሪዋ አንድ በአንድ አናገረቻቸው።

«ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ፤ ስደርስ ሰጥሟል» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

«እኔም ሮጫለሁ» አለ ባለጋራዡ። «ደግሞ ለየትኛው ዓሣ ብዬ ሰው ልግደል? ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ የያዝኩት የለም፤ እኔን ግን ጉንፋን ይዞኛል!»

«እርስዎስ ጋሼ?»

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ ጡረተኛው መምህር። «ግን ትልቅ ዓሣ እየጎተተኝ ዘንጉን ጥዬ እንዴት ልሂድ? ኋላም ክሩን በጥሶ አመለጠኝ።»

መርማሪዋ ዘንጋቸውን አገላብጣ አየች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በአጥማጆቹ ክበብ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የሁለታችሁ ዘንግ እንደ ነገሩ ተጥሎ፣ ትሉም መንጠቆው ላይ እንዳለ አግኝቼዋለሁ። የሮጠ ሰው ዘንግ እንዲህ ነው። የጋሼ ክር ግን አልተበጠሰም። ጫፉ ላይ የታሰረው ክሩን የሚያሰምጠው የእርሳስ ብረት ብቻ ነው፤ ቋጠሮውም አረንጓዴ አልጌ ለብሷል። ወራት ሙሉ መንጠቆ አልነካውም። ያለ መንጠቆ ዓሣ አይያዝም። ታዲያ ጋሼ፣ ምን እየጎተቱ ነበር?»

መምህሩ አንገታቸውን ደፉ።

«ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ የዓሣ እንኳ ነፍስ ማጥፋት አልሆንልህ አለኝ። ቤቱም ይበላኛል። እዚህ ስቀመጥ ብቻ ነው የሚቀለኝ። ዘንግ ሳልይዝ ብቀመጥ አበደ ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። መጠይቁም ላይ ‹ለመብላት› ብዬ ሞላሁ። ዛሬ መጥቶ ‹ሐይቁ ይዘጋል፣ ጋሼ፣ ግን…› ሲለኝ ደሜ ፈላ፤ ቀሪውን አልሰማሁትም።»

መርማሪዋ ከሟቹ ኪስ የተገኘውን እርጥብ ወረቀት ዘረጋች። ባትናገር በወደደች፤ ግን ነገሩ ማለቅ ነበረበት።

«የእርስዎ መጠይቅ ነው። ጠርዙ ላይ በእርሳስ የጻፈውን ልንገርዎ፦ ‹መንጠቆ የላቸውም። ሐይቁ የሚዘጋው ለሚያጠምዱ ብቻ ነው፤ ዝም ብለው ለሚቀመጡ ክፍት ይሆናል። ዛሬውኑ አግኝቼ መልሳቸውን ላስተካክልላቸው።›»

ባለጋራዡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልጅ ነበረው?» አሉ።

«ሁለት» አለች።