ሞተሩ የራሷ ነው?

ሰው ሁሉ ጥያቄውን ለወንድ ነው የሚያቀርበው። ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚህን አሮጌ ጉልበተኛ መኪኖች ይዘን ከዲትሮይት ወጣ ብሎ ያለ ሃምበርገር ቤት ግቢ እንሰበሰባለን። ኮፋኖውን ከፍቼ ታጣፊ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። መኪናዬ የ1970 ሥሪት ቀይ ቻሌንጀር ናት፤ ከሟቹ አባቴ የወረስኳት። አጠገቤ ወንድ ከቆመ ግን እኔን የሚያየኝ የለም።

ዌንደልን ያወቅኩትም እንዲሁ ነው። ፀሐዩ ሲያቃጥለው ጃንጥላዬ ሥር ተጠለለ። ወዲያው አንድ ሰውዬ መጥቶ በጋሎን ስንት ትሄዳለች፣ ትሸጣታለህ ወይ እያለ ያዋክበው ጀመር።

«ባለቤቷ እሷ ናት፤ እሷን ጠይቃት» አለው ዌንደል።

ከዚያ ዞሮ አየኝ። ዓይኑን ቶሎ አልነቀለም፤ እኔም አልነቀልኩም።

«አንተስ ጥያቄ የለህም?» አልኩት።

«አለኝ። ስትነሳ ድምጿን ብታሰሚኝ?»

አስነሳሁለት። እንደ ልጅ ሳቀ። እዚያው ወደድኩት፤ ምን ልዋሽ!

ክረምቱን ጋራዤ ውስጥ አብረን ስንፈታና ስንገጥም ከረምን። በረዶው ሲቀልጥ ቀለበት አሰረልኝ። ችግሩ አባቱ ናቸው። ጋሽ ሃርላን የአሮጌ መኪና ክለባችን ዋና ዳኛ ናቸው፤ ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከመኪናዋ ቁጥር ጋር ካልገጠመ እሳቸው ዘንድ መኪና አይባልም። የእኔ አይገጥምም። አባቴ የፋብሪካውን ሞተር መንገድ ላይ ሲሽቀዳደም አቃጠለው። ሌላ ከተጋጨ መኪና አውርደን፣ እኔና እሱ ገጠምነው። በሕይወቴ እንደዚያን ሰሞን ከአባቴ ጋር ስቄ አላውቅም።

መኪኖቹ በነጥብ ከሚዳኙበት ዓመታዊ ውድድር በፊት ጋሽ ሃርላን ጠሩኝ። ቁጥሩን ፍቆ የድሮውን የሚመታልኝ ሰው አግኝተዋል። የምራታቸው መኪና በክለቡ ፊት እንድታሳፍራቸው አይፈልጉም።

«አንድ ቃል ነው ልጄ። ስጠይቅ ‹የራሷ ነው› ይባላል፣ አለቀ። አለዚያ ሠርጋችሁ ላይ አትጠብቁኝ።»

ለዌንደል ነገርኩት። የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። አባቱን ይወዳል።

«ማርላ፣ የመሰለሽን አድርጊ» አለኝ በመጨረሻ። ተናደድኩ። ከጎንሽ ነኝ እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት።

ቁጥሩን አላስፋቅኩም። የውድድሩ ቀን ጋሽ ሃርላን ዳኞቹን አስከትለው መጡ፤ ሰው ከበበን። ጎንበስ ብለው እንኳ አላዩም። ጥያቄውንም ለእኔ አላቀረቡም፤ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሞተሩ የራሷ ነው?»

ዌንደል «አዎ» ቢል ሁሉም ነገር በሰላም ያልቅ ነበር።

«ባለቤቷ እሷ ናት፣ አባዬ። እሷን ጠይቃት» አለ፤ በግራሶ የተለወሰ እጄንም በሰው ሁሉ ፊት ያዘ።

«የራሷ አይደለም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «የራሷን አባቴ አቃጥሎታል። ይሄን ከአባቴ ጋር የገጠምኩት እኔ ነኝ። ነጥቡን እንደፈለጉ ይቀንሱ፤ የአባቴን ሥራ ግን አላስፍቅም!»

መጨረሻ ወጣን። ሠርጋችን ላይም ወንበራቸው ባዶ ዋለ። ዌንደል ከፋው፤ ግን አንድም ቀን ምነው ዋሽተሽ ቢሆን አላለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ሃርላን መጡ። ልጃቸውን አልፈው እኔ ፊት ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በጋሎን ስንት ትሄዳለች?»

መልሱን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

«ኧረ አይጠይቁኝ፣ ቤንዚን ስትጠጣ ለጉድ ነው» አልኳቸው።

ዌንደል ሌላ ወንበር አመጣና ከእኔ አጠገብ ዘረጋላቸው።