ያልደረቀው መቃን

እጅጉ ከኪዳነ ምሕረት ደጅ በታች፣ ጭልፋ ወንዝ ዳር፣ ፊቱን ውኃ ውስጥ ደፍቶ በማለዳ ተገኘ። ቀኝ እጁ እስከ አንጓው ድረስ በአረንጓዴ ቀለም ተነክሯል።

«አዳልጦት ነው በይና ዝጊው» አሏት የኢንስፔክተር ሜላት አለቃ ከፍኖተ ሰላም በስልክ። «ካላዳለጠውም ልጅቷ ናት፤ ከቀትር በፊት ላኪያትና ማረሚያ ቤት ትግባ። እንግዶች እየመጡ ነው፣ መንገዱ ዛሬ ይመረቃል።»

«ጥያቄውን ሳልጠይቅ ሁለት መልስ ሰጡኝ እኮ፣ ጌታዬ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ሸለቆ፣ ወንዙን ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ ደን መሀል የሚያልፍ የእግር ጉዞ መንገድ ተሠርቷል። ኮሚቴው በየድንጋዩ አጠገብ የትኛው ንጉሥ እንደተቀመጠበት የሚናገር ሰሌዳ ተክሏል። ሰሌዳዎቹን ያነበበ ሰው፣ የጥንት ነገሥታት ጎጃም የሚመጡት ለመቀመጥ ብቻ ነበር ቢል አይፈረድበትም። ከሰሌዳዎቹ ሁሉ በላይ ደግሞ የኮሚቴው ሊቀ መንበር የአቶ ዘመኑ ፎቶ ደጁ ፊት በባነር ተወጥሯል። በባነሩ ላይ ሪዛቸውን አጎፍረው ፈገግ ብለዋል። ከባነሩ ሥር በአካል የቆሙት አቶ ዘመኑ ግን ለእንግዶቹ ክብር ሙልጭ ብለው ተላጭተው ነበር።

ሜላት መጀመሪያ የቀረበችው ካቴና ወደገባላት ሄቨን ነው። ሄቨንና እጅጉ አብረው የሚሠሩ አስጎብኚዎች ነበሩ።

«ከትናንት ወዲያ ተጣልታችኋል አሉ።»

«አስጎብኚዎች ነን፤ ስንጮህ ነው የምንውለው። እሱ ታችኛውን መንገድ ለእንግዶች እንክፈተው አለ። እኔ ምርቃቱ ይለፍና አልኩት። ‹ለማን ብዬ?› አለኝ። ሸለቆው ሁሉ ሰማን።»

«ታችኛው መንገድ ላይ ምን አለ?»

«ወርደው ይዩት። እኔ ከነገርኩዎ፣ ገዳይዋ ተረት ፈጠረች ይባላል። ፈርሚና ይቀልልሻል አሉኝ። አልፈርምም! እስከ ፍኖተ ሰላም በእግሬ ቢነዱኝም አልፈርምም። መንገድ እንደሆነ እወዳለሁ።»

«እጅጉን የት ተለየሽው?»

«ትናንት እዚሁ ደጅ። ይኼን የቀኙን መቃን ቀብቶ ሲጠብቅ። ሊሳለም የመጣውን ሁሉ ‹አልደረቀም፣ በግራው!› እያለ ይመልሳል። አንዲት እናት ‹ኪዳነ ምሕረትን አታስመኝም?› ብለው ሲቆጡት ትቼው ማንኩሳ ገበያ ሄድኩ። አገሩም ሁሉ ገበያ ሄዶ ነበር።»

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ጥላቸውን ተደግፈው ከቅጽሩ ወጡ። ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ይደርሳል።

«መንገዱን እርስዎም አልወደዱትም ይባላል፣ አባቴ።»

«አልወደድኩትም። በቁምጣ ደን የሚያቋርጥ ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ አይገባኝም። እጅጉን ግን እወደው ነበር። ‹አልደረቀም› ሲል እስከ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። በኋላ ዝም አለ። ጨርሶ ሄደ ብዬ ሳይመሽ በሩን ልዘጋ ወጣሁ።»

«መቃኑን ነክተውት ነበር?»

«ተደግፌዋለሁ እንጂ! ያን ጊዜ ደርቋል። ነጠላዬ ይኸው፣ ነጭ ነው።»

አቶ ዘመኑ ሳይጠሩ መጡ።

«እህቴ፣ እኔ ሸለቆውን ካየሁት ሳምንት አልፎኛል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ቡሬ የእንግዳ ማረፊያዬን ሳሰናዳ ነበር። ብታዪው! ወለሉ ንጹሕ የዝግባ ጣውላ ነው።» ጣታቸው ሪዝ ሊጠቀልል ወደ ላይኛው ከንፈራቸው ሄደና ባዶውን ተመለሰ።

ሜላት ታችኛውን መንገድ ይዛ ወረደች። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ተከተሏት። የወንዙ ድምፅ እየቀረበ ሲመጣ መሬቱ ላይ የደረቀ ቅጠል ክምር አየችና በእግሯ ገፋችው። ከሥሩ የዝግባ ጉቶ ወጣ፤ የተቆረጠበት ፊቱ ገና እርጥብ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ጉቶ ነበር። ስትመለስ ከደጁ በታች፣ ወንዙን ቁልቁል በሚያየው ገደል አፋፍ በኩል አለፈች። ቀጥላ መቃኑ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች።

የእንግዶቹ መኪኖች ሲደርሱ ሁሉንም ደጁ ላይ ሰበሰበቻቸው። ስልኳ ኪሷ ውስጥ እየጮኸ ነበር፤ አላነሣችውም።

«እጅጉ አላዳለጠውም» አለች። «አፋፉ ላይ ያለውን ጭቃ የሁለት ሰው ጫማ አቡክቶታል። የሚያዳልጠው ሰው ለመውደቅ ረዳት አይፈልግም። አሁን ይህን መቃን እዩልኝ።»

አረንጓዴው ቀለም ላይ፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ሲል በሚደርስበት ቁመት፣ ግንባር፣ አፍንጫና ከንፈር ታትመዋል።

«ሰው ተሳልሞ ነዋ!» አሉ አቶ ዘመኑ። «ደጅ አይደል እንዴ?»

«ልክ ነዎት። ግን እጅጉ ሊሳለም የመጣውን ሁሉ እየጮኸ ይመልስ ነበር። ታዲያ ይህን ሰው ለምን ዝም አለው?»

ሜላት በእጇ ወደ አፋፉ አመለከተች።

«ሞቶ ስለነበር ነው። የሳመው ሰው ከአፋፉ ሲመለስ ነው እዚህ የደረሰው፤ አልደረቀም የሚለው ድምፅ ወንዝ ዳር ወድቋል። መሪጌታ ሲወጡ ግን ቀለሙ ደርቋል። ስለዚህ የሳመው በዚያች ጸጥታ ውስጥ ነው።»

«ይህቺ ልጅ ራሷ ብትሆንስ?» አሉ አቶ ዘመኑ።

«ቀለሙ ላይ ጥቁር የሪዝ ጸጉር ተጣብቋል። ሄቨን ሪዝ የላትም። የመሪጌታ ጢም ነጭ ነው፣ እንደነበረም አለ። የዘይት ቀለም የነካው ሪዝ ግን ከመላጨት በቀር መድኃኒት የለውም።»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ባነሩን አየ፤ ቀጥሎ ከሥሩ የቆሙትን።

«የድሮ ፎቶ ነው!»

«ከትናንት ወዲያ ቡሬ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች ሄቨን። «‹ሪዜ በደንብ ይውጣ› ብለውኝ ሦስቴ አስደግመውኛል!»

አንድ እንግዳ ሳቀና አፉን ያዘ።

«እጅጉ ዛሬ እንግዶቹን በታችኛው መንገድ ሊወስድ ነበር» አለች ሜላት። «በዚያ የሚሄድ ሰው ከደኑ የተቆረጡትን ዝግባዎች ያያል። ቡሬ ሲያድር ደግሞ ጣውላቸው ላይ ይተኛል። ትናንት ሊያስቆሙት መጡ፣ ለብቻው ወደ አፋፉ ወሰዱት፣ እምቢ አለ፣ ገፉት። ማንም አላየም። ከዚያ በኋላ እንኳ በቀጥታ ቢሄዱ ኖሮ እኔ ምንም ማስረጃ ባልኖረኝ ነበር።»

አቶ ዘመኑ ግንባራቸውን ጠረጉ። ከጸጉራቸው ሥር አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ቀርታ ነበር።

«በደጇ ሳልሳለም አልፌ አላውቅም» አሉ፤ ለራሳቸው ነበር የሚናገሩት።

«ሰው ገፍተህ?» አሉ መሪጌታ። አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ። «በዚያ አፍህ?»

ሜላት ካቴናውን ከሄቨን እጅ ፈትታ ለዘመኑ አጠለቀችለት። ከዚያ ስልኩን አነሣች።

«ልጅቷን ላክሻት?» አሉ አለቃዋ።

«አልላክኋትም። የምልክልዎ ባነሩ ላይ ያለውን ነው። ሲደርስ እንዳያጡት፣ ተላጭቷል።»

ከእንግዶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ምርቃቱ ቀርቷል ማለት ነው?»

«ማን አለ?» አለች ሄቨን። አንጓዋን እያሻሸች በታችኛው መንገድ ፊት ፊታቸው ወረደች። ማንም አላስቆማትም፤ መሪጌታም ጥላቸውን ይዘው ተከተሉ። ከመጀመሪያው ጉቶ ስትደርስ ቅጠሉን በሁለት እጇ ጠርጋ ወረወረችው፤ ዞራም እንደ አስጎብኚ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እዚህ ማንም ንጉሥ አልተቀመጠም። ቀርባችሁ እዩት። ይህን እንድታዩ የፈለገው ሰው እጅጉ ይባላል።»