እሺ እስክትል

ዙሃይር ልጄን የወደዳት ክንዷን በመርፌ ሲወጋ ይሁን ከዚያ በኋላ፣ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለእናቷ አትነግርም። እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው። ያየሁት ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ ዓይኔን ከናሺዳ ላይ አንስቼ አላውቅም።

የማኅበሩ ጀልባ መጀመሪያ ደሴታችን ላይ የቆመች ቀን ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር። ማኅበሩ ከዋና ከተማችን ከማሌ ርቀው ላሉ ደሴቶች ጤና የቆመ ነው። ማሌ የተወለደ ልጅ የሚያገኘውን ሕክምና ዳር ደሴት የተወለደውም ያግኝ ይላሉ። የመጡት የሰዉን ደም ለታላሲሚያ ለማስመርመር ነበር።

ታላሲሚያ የሚባለውን የደም በሽታ ለእኛ ቤት የሚያስረዳ አያስፈልግም። ልጄ ሻፊዑ ደሙ አይበረክትለትም ነበር፤ በየወሩ የሌላ ሰው ደም ይሰጠው ነበር፤ ደሙ ያለው ደግሞ ማሌ ብቻ ነው። በአንዱ የነፋስ ወቅት ጀልባ መውጣት አቃተው። ነፋሱ እስኪበርድ ስንጠብቅ እቅፌ ላይ አረፈ።

እኔና አባቱ የበሽታው ተሸካሚዎች ነን። ተሸካሚ ሰው አይታመምም፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ይጨፍራል፣ ያገባል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን የሚወልዱት ልጅ ሊታመም ይችላል፤ ላይታመምም ይችላል። እኛ ይህን ያወቅነው ልጁ ከታመመ በኋላ ነው። ማሌ ያለው ሐኪም ስለ ናሺዳ ስጠይቀው፣ ጤነኛ ናት፣ ተሸካሚ ትሁን አትሁን ግን ሳትመረመር አይታወቅም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ፊቷን እያየሁ መልሱን ስፈልግ ኖርኩ፤ ፊት ላይ የሚጻፍ ይመስል።

ያን ቀን ሰዉ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የማኅበሩ ደም ቀጂ ዙሃይር መርፌዎቹን ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሮ ተቀመጠ። ወደ እሱ የሚጠጋ ጠፋ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ይህ ትንኝ ማሌ የሚመጠው ሰው አጥቶ ነው ወይ እዚህ ድረስ የመጣው ብላ ሁሉንም አሳቀች። እሱም አብሮ ሳቀና «ትንኝ ሳያስፈቅድ ነው የሚነክሰው። እኔ እሺ ካላላችሁኝ አልነካችሁም» አላቸው።

ናሺዳ ያኔ ትንንሾቹን ልጆች ታስተምር ነበር። ሴቶቹን በክርኗ እየገፋች ወጣችና እጅጌዋን ሰብስባ ፊቱ ተቀመጠች። በእኔ ጀምር፣ ካለቀስኩ እነሱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ አለችው። አላለቀሰችም። ደሟን ቀድቶ ለሁሉም እንዲታይ ብልቃጧን ወደ ላይ አነሣት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከሌላው ጋር ወደ ማሌ ይላክ እንደሆነ ጠየቃት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች፤ ለማሳያ ነው አለችው።

እሱም ምክንያቷን አልጠየቀም። ከዛፉ ጀርባ አሸዋውን ቆፍሮ፣ ደሙ ላይ በረኪና አፍስሶ ቀበረው። ሌላው ሰው ልብ አላለውም። እኔ ግን ገባኝ። የወንድሟን ሞት ያየች ልጅ የራሷን ማወቅ አልፈለገችም። እውነቱን ለመናገር እኔም እንድታውቅ አልፈለግሁም።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ናሺዳን ቀጠራት። እሱ ደም ይቀዳል፤ እሷ ሰውን ታስረዳለች፣ ውጤቱም ሲመጣ ለየሰዉ ለብቻው ትነግራለች። በየደሴቱ መጀመሪያ የምትወጋው እሷ ናት፤ በየደሴቱም እሱ ጉድጓድ ይቆፍራል። እሱ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ተነሥቶ፣ እኔ ተሸካሚ ነኝ፣ ተመልከቱኝ፣ ጀልባ እገፋለሁ፣ ኳስ እጫወታለሁ፣ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም ይላቸዋል። ስለዚህ የዙሃይርን ደም የማያውቅ ሰው በአካባቢያችን አልነበረም።

የጀልባዋ ነጂ አሊ ማኒክ የባሌ የልጅነት ጓደኛ ነው። ባሌ የጭነት መርከብ ላይ ስለሚሠራ ቤት የሚውለው አልፎ አልፎ ነው፤ በእሱ ፋንታ ልጄን የሚጠብቅልኝ አሊ ማኒክ ነበር። አንድ ቀን ከመንገድ ተመልሶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠና በራሱ ቀልድ ቀድሞ እየሳቀ «ልጅሽ በየደሴቱ ደሟን ትሰጣለች፤ እሱ ደግሞ በየደሴቱ ፊቱ ይቀላል። ደሟ የት እንደሚገባ እኔ ደርሼበታለሁ» አለኝ።

እኔ አልሳቅሁም። በማግስቱ ጀልባዋ እኛው ደሴት ላይ ነበረችና ሄጄ አየኋቸው። ዙሃይር ክንዷ ላይ ጥጥ አድርጎ በአውራ ጣቱ ያዘው። ደሙ ቆሟል፤ ጣቱ ግን አልተነሣም። እሷ ባሕሩን ታያለች። እሱ ጥጡን ያያል።

በዚያው ሰሞን ከእኛ ፊት ለፊት ባለው ደሴት ላቲፋ የምትባል ልጅ ነበረች። እጮኛዋ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የሚኖሩበትን ቤት ግድግዳ አቁሞ ጣራው ብቻ ቀርቶታል። ሁለቱም ተሸካሚዎች ሆነው ተገኙ። ናሺዳ ለብቻቸው አስቀምጣ የሚመጣውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ውሳኔው የእናንተ ነው አለቻቸው። ተለያዩ። ልጁ ቤቱን ሳይከድነው ወደ ሌላ ደሴት ሄደ። የላቲፋ እናት ናሺዳን ጀልባው ድረስ ተከትላ «ያንቺን ደግሞ እናያለን» አለቻት። ይህን ስሰማ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላሁም።

ዙሃይር ቤታችን የመጣ ቀን የመጣበትን ጉዳይ ገና ከበሩ አወቅሁት፤ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶታል። ትልቅ ዓሣ ይዞልኝ መጥቷል። ግቢው ውስጥ የገመድ ወንበሮቻችን ላይ ተቀመጥን። ቂጣ በዓሣና በኮኮናት አቀረብኩለት። ለመብላት ብዙ ሞከረ።

«እናቴ፣ ናሺዳን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለኝ በመጨረሻ። «ግን የእኔን ደም ያውቁታል። የእሷን ደግሞ እኔ አላውቀውም።»

ናሺዳ ዓሣውን ስታጸዳ ከነበረበት ተነሣች። እጇን እያደራረቀች መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ያን ሁሉ ጊዜ ስትቀዳ አንድ ቀን እንኳ ከሌላው ጋር አልላክኸውም?»

«አልላክሁም።»

«ማወቅ አልፈለግህም?»

«ፈልጌ ነበር። ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር እፈልጋለሁ። ግን አንቺ እሺ አላልሽኝም።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። እንዲያ ስታየው እኔ እዚያ መኖሬን ሁለቱም ረስተውታል። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋችለት።

«ይሄኛውን ላከው» አለች።

እጅጌዋን ጎትቼ ልመልሰው ፈለግሁ። እጄ ጉልበቴ ላይ ቀረ።

መልሱ እስኪመጣ የነበረውን ጊዜ እንዴት እንደገፋሁት አላውቅም። እየሰገድኩ የማነበንበው ይጠፋኛል። ለአምላክ ምን ብዬ እንደምለምን እንኳ ግራ ገባኝ፤ ደሟ ገና ስትወለድ የተወሰነ ነገር ነው፤ በጸሎት የሚለወጥ አይደለም። ቢሆንም ለመንኩ።

ስልክ ያለው የደሴቱ ጽሕፈት ቤት ነው። ከማሌ ሲደወልላት አብሬያት ሄጄ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ድምፅዋ ይሰማኛል። አዎ አለች። ገባኝ አለች። ከዚያ የደወለችላትን ሴት አመስግና፣ ስለ ልጆቿ ጤንነት ጠይቃ፣ ስልኩን ዘጋች። ስትወጣ ሻሿን አስተካከለች። እናት ነኝ፤ ተሸካሚ መሆኗን ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

ዙሃይርና አሊ ማኒክ ጀልባዋን ወደ አሸዋው ጎትተው ሆዷ ላይ የበቀለውን የባሕር አረም ይፍቁ ነበር። ናሺዳ በአሸዋው ላይ ቀስ እያለች ወደ እነሱ ሄደች። ዙሃይር ቀና ብሎ ገና ከሩቅ አያት። መፋቂያውን መሬት ላይ አስቀመጠው። አጠገቡ ደርሳ ቆመች። አሊ ማኒክ ጀርባውን ሰጥቷቸው መፋቁን ቀጠለ፤ የፋቀውን መልሶ ይፍቅ ነበር።

ዙሃይር ለተወሰኑ ቀናት አልመጣም። ሲመጣ ሐሳብ ይዞ መጣ። እኔ ኮኮናት መፋቂያዬ ላይ ተቀምጬ አጎንብሻለሁ፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነው። ልጅ ሳንወልድ እንኑር አላት። ቃል እገባልሻለሁ፣ አንቺ ትበቂኛለሽ አላት። እኔ በልቤ እሺ በይው አልኩ። የልጅ ልጅ መመኘቴን በዚያች ደቂቃ ተውኩት።

«እኔ አምንሃለሁ» አለችው። «ላቲፋ ግን ምን ትላለች? ለናሺዳ ሲሆን ይቻላል ነው የምትለው። ነገ ሌላ ደሴት ሄጄ የምነግራት ልጅ አንቺስ ካለችኝ ምን እመልስላታለሁ? ከዚያ በኋላ ክንዱን የሚሰጠን የለም።»

«እንግዲያው ሥራውን እንተወው።»

«እኛ ከተውነው ማን ይሠራዋል?»

ለዚያ ሁሉ ደሴት ያለችው አንዲት ጀልባ ናት። በነፋስ ወቅት ሰው ተለምኖ የማይወጣበት ባሕር ነው። ከማሌ የመጡት ሠራተኞች አንድ ዙር ሠርተው ተመልሰው ይቀራሉ። ናሺዳ ግን የሁሉንም ቤት ታውቃለች፤ የማን ልጅ ማንን እንደሚወድ ታውቃለች።

እሱ ከሄደ በኋላ እኔ ለመንኳት። እንዲያውም ተቆጣኋት። ሰው ስለ ሰው ብሎ ሕይወቱን አይጥልም፣ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ፣ አንቺ ኑሪ አልኳት። እያዳመጠችኝ የፋቅሁትን ኮኮናት ሰብስባ ሳህን ላይ አደረገችው። ከዚያ ቀና አለች።

«እማ፣ ብታውቂ ኖሮ አባባን ታገቢው ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። አላገባውም ብል ሻፊዑን እንዳልነበረ አደርገዋለሁ፤ ሳቁን፣ ዓሣ አልበላም ብሎ ከአልጋ ሥር መደበቁን፣ እሷን ራሷን። አገባዋለሁ ብል ደግሞ ያ ልጅ ነፋሱን እየሰማ ስቃዩን የቻለው በእኔ ፈቃድ ነው ማለት ነው። እሷም አልጠበቀችኝም፤ ሳህኑን ይዛ ገባች።

ዙሃይር ወደ ደቡብ፣ ወደ አዱ እንዲያዛውሩት ማኅበሩን ጠየቀ። በሚሄድበት ቀን እኛ ቤት ምሳ በላ። ስለ ማዕበሉ አወራን፤ አዱ ውስጥ ስላለው ዘመዴ አወራን። የደረቀ ዓሣ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ምን ልበለው? ልጄ ብዬ መጥራት ለምጄ ነበር። ናሺዳ ሳህኖቹን አነሣች። ሲወጣ እስከ በሩ ሸኘችው፤ ሁለቱም ደፉ ላይ ቆሙ። የሚሉትን ለመስማት ጆሮዬን አቀናሁ። የእሱ እግር ሲርቅ ብቻ ሰማሁ።

ቆይቶ አዱ ውስጥ ማግባቱን አሊ ማኒክ ነገረን። ሴቲቱ ተሸካሚ አይደለችም፤ ወልደዋል፤ ልጁ ጤነኛ ነው። ናሺዳ ሰምታ፣ ልጁን ማን አሉት ብላ ጠየቀች። ሲነግራት መልካም ስም ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ሊያገቧት የጠየቁ ሁለት ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም በጨዋነት መለሰቻቸው። እኔ እመክራለሁ፣ እለምናለሁ፣ እጸልያለሁ። ከዚህ ሌላ እናት ምን ታደርጋለች?

ባለፈው አንድ ልጅና አንዲት ልጅ ከሌላ ደሴት ሊያነጋግሯት መጡ። ሁለቱም ተሸካሚዎች ናቸው። ልጁ መሬት መሬት ያያል። ናሺዳ ለሁሉም እንደምታደርገው አስቀምጣ አስረዳቻቸው። እኔ ማድ ቤት ነበርኩ፤ በመካከላችን ያለው የዘንባባ ቅጠል ግድግዳ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። ልጅቷ እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጠች።

«ስለ አንቺም ሰምተናል» አለች ከዚያ። «እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እንዴት ቻልሽው?»

ናሺዳ ለሁሉም ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አላት፤ እሱን ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ቻልኩት ብዬ አልዋሽሽም» አለቻት። «እሱ ሄዷል። እኔ ግን ገና እየተለየሁት ነው።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ልጁ እጇን ያዘ፤ ናሺዳም አልከለከለችውም። እኔ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቼ ገባሁ። ሦስቱም ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም ውሃውን ለማን እንደምሰጥ ሳላውቅ መካከላቸው ቆሜ ቀረሁ።